ሸማኔው፣ ፈታይዋና የምንሠራው ቤት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የዛሬው ንግግሬ ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ከሙያችን ወጣ ያለ ሆኖ ሊታያችሁ ይችላል። የቤት ንድፍ የሚያወጣ፣ የግንብ ሥራ የሚቆጣጠር፣ የመሠረትና የምሰሶ ስሌት የሚያሰላ ባለሙያ ከሸማኔ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሴ አጭር ነው፤ የምንሠራቸው ቤቶች ውስጣቸው በጨርቅ የተሞላ ነው። መጋረጃው፣ የአልጋ ልብሱ፣ የወንበሩ ሽፋን፣ የጠረጴዛው ልብስ፣ ምንጣፉና ፎጣው ሁሉ ጨርቅ ነው። ከመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከመገናኛ እስከ አያት ድረስ ባለፉት 20 እና 30 ዓመታት ብዙ ሆቴሎች፣ የእንግዳ ማረፊያዎችና የመኖሪያ ሕንፃዎች ቆመዋል። በመስኮቶቻቸው ላይ የተሰቀለው ጨርቅ ግን በአብዛኛው ከውጭ አገር የመጣ፣ ከነዳጅ ዘይት የተሠራ ፖሊስተር ነው። ከዚሁ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ርቆ፣ በሽሮ ሜዳና በጉለሌ፣ የሸማኔው መወርወሪያ ከማለዳ እስከ ማታ ሲመላለስ ይውላል። እነዚህ ሁለት የከተማችን ክፍሎች በመንገድ ተቀራርበው ሳሉ በሥራ አልተገናኙም። የማይገናኙበት ምክንያት በከፊል በእኛ በባለሙያዎቹ እጅ ስለ ሆነ፣ ጉዳዩን በዚህ ጉባኤ ፊት ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ነገሩን በሁለት ጥያቄዎች እከፍለዋለሁ። አንደኛው፣ በቤቶቻችን ውስጥ ምን ዐይነት ጨርቅ እናስገባለን የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በምንነድፋቸው ቤቶች ውስጥ ሸማኔ ተቀምጦ ሊሠራ ይችላልን የሚል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያሳስብ መሆኑን ወደ ኋላ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ከጥጥ እስከ ሸማ

እንደሚታወቀው የአገራችን የሽመና ሥራ የሚጀምረው ከሸማኔው ዘንድ አይደለም። ጥጡ በመጀመሪያ ከፍሬው ይለያል፤ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተደርጎ በብረት ዘንግ ሲዳመጥ ፍሬው እየተፈለቀቀ ይወጣል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል፤ ሲነደፍም ነፍቶና ለስልሶ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፤ ፈትሉም በልቃቂት ይጠቀለላል። ይህ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ የሴቶች ሥራ ሆኖ ኖሯል። ልቃቂቱ ለሸማኔው ሲደርስ በጊዜ ቢሰላ ከሥራው ግማሽ የሚበልጠው አልቋል ለማለት ይቻላል፤ አንድ ሸማኔ በሳምንት ሸምኖ የሚጨርሰውን ፈትል አንዲት ፈታይ ብቻዋን በሳምንት ልታደርስለት አትችልምና ነው። ስለዚህ ስለ ሸማኔ በምንናገርበት ጊዜ ሁሉ ከበስተጀርባው ስማቸው የማይነሣ ብዙ ሴቶች እንዳሉ ማሰብ ይገባናል።

ሸማኔው በበኩሉ ድሩን ይዘረጋል፤ ማጉን በቀሰም ላይ ጠምጥሞ በመወርወሪያው ውስጥ ያስገባል። በጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ታች ይሰዳል፤ በእግሩ መርገጫውን እያፈራረቀ ድሩን ይከፍታል፤ በእጁ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሰዳል። የሸማው ወርድ የሚወሰነው በሸማኔው ክንድ መዘርጋት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከ1 ሜትር አይበልጥም። ጋቢም ሆነ ቡልኮ ሰፋ እንዲል ሲፈለግ ሁለት ወርድ ጎን ለጎን ይሰፋል። ጥለቱ የሚገባው ከጫፍ ላይ ሲሆን፣ የሸማኔው ብልኀት በይበልጥ የሚታወቀውም በዚሁ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ለውጥ አልደረሰም ማለት አይደለም። የፋብሪካ ክር ወደ አገራችን መግባት ከጀመረ ወዲህ ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ሆኗል። ድር ተወጥሮ የሚውል ስለ ሆነ ብርቱና እኩል የሆነ ክር ይፈልጋል፤ ለዚህም የፋብሪካው ክር ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል። ማጉ ግን በጥሩ ሸማ ላይ እስከ ዛሬ በእጅ የተፈተለ ነው፤ የሸማው ልስላሴና ሙቀትም የሚመጣው ከእርሱ ነው። ይህን የማነሣው ሸማኔው አዲስ ነገር አይቀበልም የሚለው አስተያየት ትክክል አለመሆኑን ለማሳየት ነው። የሚጠቅመውን ሲያገኝ ከተቀበለ እነሆ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

የአዲስ አበባ ሸማኔዎች በብዛት የመጡት ከጋሞ ደጋዎች፣ በተለይም ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ ነው። ከ19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ወደ አዲሲቱ ዋና ከተማ እየመጡ በሰሜኑ ዳርቻ ሰፈሩ። ሙያው የእነርሱ ብቻ እንዳልነበረም መዘንጋት የለበትም፤ በጎንደር ቤተ እስራኤልና ሙስሊም ሸማኔዎች፣ በደቡብ ደግሞ ኮንሶዎች በዚሁ ሥራ የታወቁ ናቸው። ይሁን እንጂ ሸማውን ለብሶ የሚኮራው ሕዝብ ሸማኔውን ሲንቀው ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለዋል። ንጉሠ ነገሥት በአዋጅ መከልከል እስኪያስፈልገው ድረስ ስድቡ የተለመደ እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን። ዛሬ ስድቡ ቀንሷል፤ ነገር ግን የሸማኔውን ሥራ ለበዓል ልብስ ብቻ የሚበቃ፣ ለዘመናዊ ቤት የማይሆን አድርጎ መቁጠር የዚያው ንቀት ቅሪት ይመስለኛል።

የተሸመነው ቤት

ይህን ጉባኤ በቀጥታ የሚመለከት አንድ ነገር እዚህ ላይ ላንሣ። የዶርዜ ሰው የሚሸምነው ልብሱን ብቻ አይደለም፤ ቤቱንም ይሸምናል። የዶርዜ ቤት የተሰነጠቀ ቀርከሃ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ፣ እንደ ትልቅ መሶብ ከታች ወደ ላይ እየጠበበ የሚወጣ ነው። ቁመቱ አዲስ በተሠራ ጊዜ እስከ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል። የግርጌው ቀርከሃ በምስጥ ሲበላ ቤቱ ከሥሩ እየተቆረጠ ዝቅ ይላል እንጂ አይፈርስም፤ በዚህም ዐይነት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ያገለግላል። አስፈላጊ ሲሆን ሰዎች ተሰብስበው ቤቱን እንዳለ አንሥተው ወደ ሌላ ቦታ ሊያዛውሩት ይችላሉ።

ጎትፍሪድ ዜምፐር የተባለው ጀርመናዊ አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ1851 ባሳተመው ጽሑፍ የግድግዳ መነሻው ድንጋይ ሳይሆን የተጠላለፈ እንጨትና የተሸመነ ምንጣፍ መሆኑን አስረድቷል። ይህ ሐሳብ በአውሮፓ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ውስጥ ትልቅ ስፍራ ተሰጥቶታል። በትምህርት ቤት ይህን ስንማር ምሳሌው በገዛ አገራችን፣ ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው ደጋ፣ ቆሞ እንደሚገኝ የነገረን ብዙ አልነበረም። ቤትንና ልብስን በአንድ ጥበብ የሚሠራ ሕዝብ ወደ ከተማችን መጥቶ ከ100 ዓመት በላይ ሲቀመጥ፣ የእኛ ሙያ ከእርሱ የወሰደው ትምህርት ምን ያህል ነው? ይህን ለየራሳችን ኅሊና እተወዋለሁ።

ጉድጓዱና ፎቁ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እመጣለሁ። የሸማኔው ባህላዊ መሣሪያ መሬት ይፈልጋል፤ እግር የሚገባበት ጉድጓድ በአፈር ወለል ላይ ይቆፈራል፤ ድሩም ከፊት ለፊት ተወጥሮ በካስማ ይታሰራል። የድሮው የጭቃ ቤት ወለሉ አፈር ስለ ነበረ ሸማኔው በገዛ ቤቱ ውስጥ፣ ከሚስቱ እንዝርትና ከልጆቹ ጋር፣ ሥራውን ሲሠራ ኖሯል። ቤቱ መኖሪያም፣ መሥሪያም፣ ልጁ ሙያ የሚማርበት ትምህርት ቤትም ነበር።

በ1996 ዓ.ም. ገደማ በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ሥራ በኋላ ወደ ሰሚት፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቦሌ አራብሳና ወደ ሌሎችም የከተማዪቱ ዳርቻዎች ተስፋፍቷል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ ነባር ሰፈሮች ተነሥተው ነዋሪዎቻቸው ወደ ዳር ተዛውረዋል። ውኃና መጸዳጃ ያለው ንጹሕ ቤት ማግኘት ታላቅ ነገር ነው፤ ይህን የሚያቃልል ንግግር አልናገርም። ነገር ግን በ3ኛ ፎቅ ላይ በኮንክሪት ወለል ላይ ጉድጓድ አይቆፈርም። በዚህም የተነሣ ወደ ፎቅ የሚገባ ሸማኔ ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀርለታል፤ ወይ ከመኖሪያው ርቆ በየቀኑ የትራንስፖርት ዋጋ እየከፈለ የሚሠራበት ስፍራ ይፈልጋል፣ ወይ ሙያውን ይተዋል። ሚስቱም ከጎረቤቶቿ ጋር በደጅ ተቀምጣ የምትፈትልበት ግቢ አታገኝም።

በዚህ ነገር ላይ አንድ የሚያጽናና ምሳሌ አለን። የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ሲነደፉ የነዋሪውን ልማድ በማሰብ ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ መጠቀሚያ ሕንፃ እንዲኖር ተደርጓል። ይህም ማለት ንድፍ አውጪው በፎቅ ላይ ሊሠራ የማይችለውን ሥራ አስቦ ስፍራ ሰጥቶታል ማለት ነው። እንጀራ ጋጋሪዋ ከታሰበች ሸማኔው የማይታሰብበት ምክንያት የለም። ጉድጓድ የማያስፈልገው፣ በእንጨት ወይም በብረት የቆመ መሸመኛ በአገራችን በሥራ ላይ ከዋለ ቆይቷል። በእኔ ግምት ለአንድ ቆሞ ለሚሠራ መሸመኛ፣ ሸማኔው የሚንቀሳቀስበትን ጨምሮ፣ ከ6 እስከ 8 ካሬ ሜትር ይበቃል። የሚያስፈልገውም ከጎን የሚገባ ጥሩ ብርሃን፣ ድሩ የሚዘረጋበት ረዘም ያለ በረንዳ፣ ከታችና ከጎን ያለውን ጎረቤት ከመርገጫው ድምፅ የሚጠብቅ ወለል ነው። ይህ ሁሉ ከአቅማችን በላይ የሆነ የንድፍ ጥያቄ አይደለም።

ስለ ጭረቱ

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። የተፈጥሮ ጭረት ከፋብሪካው ሰው ሠራሽ ጭረት የሚሻለው በምንድን ነው? በስሜት ሳይሆን በባሕርዩ እንመዝነው።

በመደበኛ የላቦራቶሪ ሁኔታ ጥጥ ከክብደቱ 8 ከመቶ ያህል እርጥበት ከአየር ይይዛል፤ ሐር 11 ከመቶ፣ ሱፍ 16 ከመቶ ገደማ ይይዛሉ። ፖሊስተር ግን ግማሽ ከመቶ እንኳ አይሞላም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ቀኗ ሞቃት ሌሊቷ ብርዳም የሆነ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ አየር ለሰውነት የሚቀርበው ጨርቅ፣ ማለትም አንሶላው፣ የአልጋ ልብሱ፣ ፎጣውና የወንበሩ ሽፋን እርጥበትን የሚቀበልና የሚመልስ ሲሆን ይመረጣል። ጋቢ በሌሊት የሚሞቀው፣ በቀን የማያፍነው በዚሁ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል ፖሊስተር በታጠበ ቁጥር ደቃቅ የፕላስቲክ ብናኝ ወደ ውኃ ይለቃል፤ ተቀዶ ሲጣልም በአፈር ውስጥ በቀላሉ አይበሰብስም። ዛሬ በዓለም ከሚመረተው የጨርቅ ጭረት ከግማሽ በላይ የሆነው ይኸው ፖሊስተር ነው።

የእኛ ሀብት ጥጥ ብቻ አይደለም። የመንዝ በግ ሱፍ አለን፤ ባናና በርኖስ የሚሠራው ከእርሱ ነው፤ ለምንጣፍና ለወፍራም የአልጋ ልብስ ይሆናል። ከእንሰት ቆጮ ሲፋቅ የሚገኘው ቃጫ አለን፤ እስከ ዛሬ ለገመድና ለጆንያ ይውል የነበረ ቢሆንም ለወለል ምንጣፍና ለግድግዳ መሸፈኛ የማይሆንበት ምክንያት የለም። የጉሎ ቅጠል የሚመገበው የሐር ትልም አለን፤ በዚህ ረገድ የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ሲሠራ ቆይቷል። ይህ ትል የሚሠራው ጎጆ አንድ ጫፉ ክፍት ስለ ሆነ ሐሩ እንደ ጥጥ በእንዝርት ይፈተላል፤ ስለዚህ ለፈታዮቻችን እጅ እንግዳ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ የተመሠረተው ሳባሃር የተባለው ድርጅት ይህን ሐርና የአገራችንን ጥጥ በእጅ አስፈትሎና አሸምኖ ፎጣ፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ የአልጋ ልብስና ሻርፕ እየሠራ ወደ ውጭ አገር ሲልክ ቆይቷል። የውጭ አገር ሰው ከፍ ያለ ዋጋ ከፍሎ በቤቱ የሚያነጥፈውን፣ ቦሌ ያለ ሆቴል በገዛ ከተማው የተሠራ መሆኑን ሳያውቅ ይቀራል።

እውነቱን ሙሉ ለሙሉ ለመናገር ግን የተፈጥሮ ጭረትም ጉድለት አለው። ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ እሳትም ቶሎ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ለሕዝብ መሰብሰቢያ ስፍራ ሲውል እሳት የሚከላከል መድኃኒት መነከር ይኖርበታል። ሐር በብርቱ ፀሐይ ይጎዳል፤ ሱፍን ብል ይበላዋል። ከዕፀዋት የሚገኘው ቀለም በጥንቃቄ ካልተያዘ ይለቃል። ጥጥ ራሱም በብዙ ውኃና በብዙ ፀረ ተባይ መድኃኒት ከተመረተ ተፈጥሮን ይጎዳል፤ የአራል ባሕር መድረቅ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። በአርባ ምንጭ ዙሪያ ያሉ አነስተኛ ገበሬዎች ያለ ኬሚካል መድኃኒት ጥጥ ለማምረት ያደረጉት ጥረት መበረታታት ያለበትም ስለዚህ ነው። ባለሙያ ማለት የዕቃውን ጥቅምም ጉድለትም ዐውቆ በቦታው የሚያውል ነው፤ ደቡብ ምዕራብ የሚያይ ሰፊ መስታወት ላይ ሐር አይሰቀልም፤ ለመኝታ ክፍል ግን ፖሊስተር አይመረጥም።

ጨርቁን ለመለየት ላቦራቶሪ ለሌለው ቀላል ዘዴ አለ። ከጨርቁ ጥቂት ክር መዝዞ በጥንቃቄ ማቃጠል ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ነዶ ለስላሳ ዐመድ ይሆናል፤ ሱፍና ሐር እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። በየመደብሩ የሐበሻ ሸማ ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ ከውጭ ፋብሪካ የመጣ ማስመሰያ ስለሚገኝ፣ ይህን ትንሽ ምርመራ ማወቅ ይጠቅማል።

ስለ ዋጋውና ስለ እጁ

«በእጅ የተሸመነ ውድ ነው» የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይቀርባል። እውነት ነው፤ ከፖሊስተር ይወደዳል። ነገር ግን ከፍ ያለው ዋጋ ሁሉ ለሸማኔው ይደርሳል ማለት አይደለም። የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ የሌለው ሸማኔ ክሩን ከነጋዴ በብድር ይወስዳል፤ ሸማውንም ነጋዴው በወሰነው ዋጋ ያስረክባል። ፈታይዋ ደግሞ ከሸማኔውም በታች ትከፈላለች። የምንከፍለው ዋጋ የት እንደሚሄድ መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው።

ከዚህ የከበደ ሌላ ጉዳይም አለ፤ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። ከጋሞ ደጋ ትንንሽ ወንዶች ልጆች ትምህርት ቤት እናስገባችኋለን እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በሸማኔ ቤቶች ረጅም ሰዓት ሲሠሩ መኖራቸው በጥናት የተረጋገጠ ነው። የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር በሕፃናትና በግዳጅ ጉልበት ይመረታሉ ብሎ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ በእጅ የተሸመነ የኢትዮጵያ ጨርቅ ከገባ ዓመታት አልፈዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። አባት ለልጁ ከትምህርት በኋላ ሙያውን ማሳየቱና የሰው ልጅ ከትምህርት ተለይቶ በጉድጓድ አፍ መዋሉ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባህላችን ነው በሚል ስም ይህን በደል የምንሸፍን ከሆነ ለሽመናው ወዳጆች ሆነን አልተገኘንም። በተቃራኒውም በዚህ ምክንያት ሸማውን ከነጭራሹ የምንተው ከሆነ በሐቅ የሚሠራውን ሸማኔ እንቀጣለን። የሚሻለው፣ ጨርቁ የት፣ በማን እጅ እንደ ተሠራ ሄዶ ማየትና በውል ውስጥ ማስገባት ነው።

እግረ መንገዴን ስሙን መጥቀስ ስለማያስፈልገው አንድ የቦሌ የእንግዳ ማረፊያ ላስታውስ። ባለቤቱ በበጎ ፈቃድ 40 ለሚሆኑ መስኮቶች የሸማ መጋረጃ አዘዘ። ትእዛዙ ለብዙ ሸማኔዎች ተከፋፈለ፤ ናሙና አልተሰጠም፤ የክሩ ውፍረት፣ የቀለሙ መደብና የወርዱ ልክ በጽሑፍ አልሰፈረም። መጋረጃዎቹ ሲመጡ አንዱ ከአንዱ አልተመሳሰለም፤ ከታጠቡም በኋላ አጠሩ። ጨርቁ ተመለሰ፤ ክሩን በብድር የገዙት ሸማኔዎች ዕዳ ውስጥ ገቡ፤ በመስኮቶቹም ላይ ፖሊስተር ተሰቀለ። ሁኔታውን በኋላ ስመለከተው በሸማኔዎቹ እጅ ላይ ጉድለት አላገኘሁም። ለበርና ለመስኮት፣ ለሴራሚክና ለቀለም ገጽ በገጽ መግለጫ ሲጻፍ፣ ለጨርቁ አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም ነበር።

ከሌሎች የምንማረው

በእጅ የተሠራን ጨርቅ ከማስመሰያ የሚጠብቁ አገሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ የብሪታንያ ሕግ ሃሪስ ትዊድ የሚባለው የሱፍ ጨርቅ በስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች ነዋሪዎች፣ በየቤታቸው፣ በእጅ የተሸመነ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። ክሩ የሚፈተለው እዚያው ደሴት ላይ ባለ ፋብሪካ ሲሆን ሽመናው ግን በቤት ነው፤ ይህም የፋብሪካ ድርና የእጅ ማግ ካለው የእኛ ሸማ ጋር የሚቀራረብ አሠራር ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣችው ሕግ የተወሰኑ የጨርቅ ዐይነቶች በእጅ መሸመኛ ብቻ እንዲሠሩ ከልላለች፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ በእጅ የተሸመነውን የሚለይ ምልክት አውጥታለች። የጋና ኬንቴ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

እኛም ለዚህ እንግዳ አይደለንም። ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የተባሉት የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲጠበቁ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው ክርክር፣ ስታርባክስን የሚያህል ኩባንያ በ1999 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር እንዲስማማ ሆኗል። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ማኅበራት የወል የንግድ ምልክት እንዲያስመዘግቡ ይፈቅዳል። ለቡናው የሆነው ለሸማው የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ገበያውን በሚመለከት ደግሞ የምሥራቅ አዲስ አበባ ራሷ ትምህርት ትሰጠናለች። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለብዙ ሺህ ሰዎች፣ በተለይም ለወጣት ሴቶች፣ የልብስ ስፌት ሥራ አስገኝቷል። ይሁን እንጂ የገበያው ዋና መሠረት አሜሪካ በአጎአ ሕግ የሰጠችው ከቀረጥ ነጻ መብት ስለ ነበረ፣ መብቱ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሲቋረጥ ፋብሪካዎቹና ሠራተኞቹ ተጎድተዋል። ፋብሪካ አያስፈልግም አልልም። ነገር ግን ከፓርኩ አጥር ውጭ፣ በዚያው በቦሌ፣ በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ መስኮቶችና አልጋዎች ጨርቅ ይፈልጋሉ። ይህን ገበያ የሌላ አገር ምክር ቤት ሊዘጋብን አይችልም።

ምን እናድርግ?

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ሲሠራ አርክቴክቱ አርቱሮ መዜዲሚ ለሎሬት አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የሚሆን የመስታወት ሥዕል ስፍራ በንድፉ ውስጥ ሰጥቶታል። የአገር ጥበብ ወደ ታላቅ ሕንፃ የሚገባው ሕንፃው ካለቀ በኋላ በሚፈለግ ጌጥነት ሳይሆን ገና በንድፉ ላይ ስፍራ ሲሰጠው መሆኑን ይህ ሥራ ያስተምረናል። በዚህ መንፈስ የሚከተሉትን ሐሳቦች አቀርባለሁ።

1ኛ፣ በሥራ መግለጫዎቻችን ውስጥ ለጨርቅ ራሱን የቻለ ክፍል እንስጥ፤ የጭረቱ ዐይነት፣ የክሩ ውፍረት፣ ወርዱ፣ ቀለሙ፣ ከመለካቱ በፊት መታጠቡ፣ የሚፈቀደው ልዩነትም ይጻፍ። ከውሉ በፊት ናሙና ተሠርቶና ዋጋው ተከፍሎ በሁለቱም ወገን ይፈረምበት።

2ኛ፣ የመስኮቱን ልክ ስንወስን የሸማውን ወርድ እናስብ። ከ1 ሜትር የማይበልጠው ወርድ ጉድለት መስሎ የሚታየው መስኮቱ ሳይጠይቀው ስለሚነደፍ ነው። ሁለት ወርድ የሚሰፋበት መስመር ልክ እንደ ጋቢው የጌጡ አካል ሊሆን ይችላል።

3ኛ፣ ለሸማኔዎች ማኅበራት በሚሰጥ ትእዛዝ ላይ የክሩን ዋጋ የሚሸፍን ቅድመ ክፍያ እንዲኖር ደንበኞቻችንን እንምከር፤ የፈታዮቹም ክፍያ በውሉ ላይ ተለይቶ ይጻፍ። የሠራተኞቹ ዕድሜ በሕጉ መሠረት መሆኑን ሄደን እናረጋግጥ።

4ኛ፣ በአዳዲስ የጋራ መኖሪያ ሰፈሮች ንድፍ ውስጥ፣ በምድር ቤቱ ወይም በጋራ መጠቀሚያው ሕንፃ፣ ለሽመናና ለፈትል የሚሆን ክፍል እንዲገባ ማኅበራችን ምሳሌ የሚሆን ንድፍ አዘጋጅቶ ለሚመለከተው ክፍል ያቅርብ። ንድፉ ከመዘጋጀቱ በፊት ሸማኔዎችና ፈታዮች ይጠየቁ፤ የብርሃኑን አቅጣጫና የድሩን ርዝመት ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል።

5ኛ፣ በእጅ የተፈተለና በእጅ የተሸመነ መሆኑን የሚገልጽ የወል ምልክት እንዲመዘገብ የሸማኔዎች ማኅበራት በሚያደርጉት ጥረት ማኅበራችን የባለሙያ ምክር ይስጥ።

ከእነዚህ አንዱም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። አብዛኞቹ የሚፈልጉት አንድ ገጽ ጽሑፍና ጥቂት ጉብኝት ነው። ጊዜው ግን እየጠበበ ነው። በእንዝርት የሚፈትሉት አብዛኞቹ ሴቶች በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ልጆቻቸው ሌላ ሥራ ይመርጣሉ፤ ሥራው ራቡን ካላስታገሰላቸው ሊፈረድባቸው አይችልም። የተዘጋ ፋብሪካ ገንዘብ ሲገኝ ሊከፈት ይችላል፤ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ የእጅ ዕውቀት ግን አንድ ትውልድ ከዘለለ መልሶ የሚያስተምር አይገኝም። እኛ የምንነድፈው ቤት 50 እና 60 ዓመት እንዲቆም ታስቦ የሚሠራ ነው። ስፍራ ሳይሰጣቸው ከተሠራ ለዚያ ሁሉ ዘመን ሸማኔውና ፈታይዋ ውጭ ይቀራሉ፤ ስፍራ ከሰጠናቸው ደግሞ ለዚያ ሁሉ ዘመን ሊሠሩበት ይችላሉ።

ስለዚህ ከሚመጣው ዓመት ጉባኤ በፊት እያንዳንዳችን በእጃችን ካለው ሥራ ቢያንስ ለአንዱ፣ አንድ ክፍል ብቻ ቢሆን እንኳ፣ መግለጫ ተጽፎለት በአገር ጭረት በእጅ የተሸመነ ጨርቅ እንድናስገባ፣ ውጤቱንም ከነጉድለቱ ለዚሁ መጽሔት በጽሑፍ እንድናቀርብ በትሕትና አሳስባለሁ።